የጠብታ ጥፋት

ቧንቧ ሠራተኛው የዳኛውን ልጅ ለመጠየቅ ሳሎናቸው መሐል በቆመ ዕለት፣ ከሁሉ ቀድሞ መልስ የሰጠው ቡችላው ነው።

ሰውየው ቱታውን ቀይሮ፣ ጥፍሩን በብሩሽ ፈግፍጎ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በንጹህ ካልሲ ነበር የገባው። የሚናገረውን መንገድ ሙሉ ሲያጠና መጥቷል። ዳኛው ፊት ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጥናት ብን ብሎ ጠፋና፣ "ጋሼ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ፤ እሷም የምትጠላኝ አይመስለኝም" የሚል ብቻ ከአፉ ወጣ። ይኼኔ ነው ቡችላው ከልጅቷ እቅፍ ወርዶ፣ ምንጣፉ ላይ ዞር ዞር ካለ በኋላ፣ ዳኛውን ዓይን ለዓይን እያየ ሽንቱን የለቀቀው።

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቢሆንም ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ጉሮሯቸውን መጥረግ አልተዉም። መጀመሪያ ምንጣፉን፣ ቀጥሎ ቡችላውን፣ በመጨረሻ ሰውየውን አዩ።

"ይኼን ወደ ቤቴ ያመጣኸው አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቧንቧ ጠጋኝ ነህ አይደል?"

"ነኝ ጋሼ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ይኼን ጠግን።"

ስትሮክ ግማሽ ሰውነታቸውን ከመታቸው ወዲህ ቃላቸው እየተንፏቀቀ ነበር የሚወጣው፤ ለዚህም ይሁን ለሌላ፣ ሲናገሩ እያንዳንዱ ቃል ይከብዳል። "ሰው ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም" አሉ። "ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ይኼ እንስሳ ለሽንቱ ውጭ መውጣት ከለመደ፣ ስለ ልጄ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ክረምቱ ወጥቶ ወለሌን እርጥብ ካገኘሁት ግን፣ አንተም እሱም በአንድ በር ትወጣላችሁ።"

የማይሆን ነገር ጠይቀው በደግነት የሸኙት መስሏቸዋል። ልጅቷ ጨርቅና ባልዲ ልታመጣ ሮጠች።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጮ ይሏታል፤ ዛሬ ቅጥነቱ ባይኖርም ስሙ ቀርቷል። ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር የተዋወቁት የፋርማሲው ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉን ውሃ በሞላው ቀን ነው። ሰውየው ሲደርስ ቧንቧውን ከመንካቱ በፊት መሬት ላይ የነበሩትን የመድኃኒት ካርቶኖች እያነሳ መደርደሪያ ላይ ሰቀለላት። ከዚያ በኋላ ራሱን ያመው ጀመር። በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለ የራስ ምታት መድኃኒት ይገዛል። አንድ ቀን፣ "ይኼ ካልተሻለህ ሐኪም ዘንድ ሂድ" ብትለው፣ "የመጣሁት እኮ ሐኪም ዘንድ ነው ዶክተር" አላት። ከዚያን ቀን ወዲያ ዶክተር እንዳላት ቀረ። እሷም ያቺን ቃል ከማንም አፍ ብትሰማ ልቧ ድንግጥ ይል ጀመር።

እናቷ ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር ብሏል። አባቷን ስትሮክ ሲጥላቸው ደግሞ ጭርታው እንደ አቧራ በየዕቃው ላይ ተቀመጠ። እሷ ሥራ ስትውል እሳቸው ባለ መደገፊያ ወንበራቸው ላይ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ይውላሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ይኼን ከእሷ ሲሰማ፣ "የሚያስቸግራቸው ነገር ያስፈልጋቸዋል" አለና አንድ ደንበኛው ዘንድ ከተወለዱት ቡችሎች አንዱን በጃኬቱ ሸፍኖ ይዞላት መጣ። ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ባለችው ነጭ ነጥብ የተነሳ ጠብታ አለው። ቤት ውስጥ ግን ስሙ በሌላ ምክንያት ጸደቀለት።

ከፍርዱ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት እሷ፣ ከሥራ መልስ እሱ ቡችላውን ያወጡታል። በልቶ ሲጨርስ ማውጣት፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ ማውጣት፣ ተጫውቶ ሲደክመው ማውጣት ነው። "ሲያጠፋ አትቆጪው" ይላት ነበር። "ከተቆጣሽው ከሶፋ ሥር ተደብቆ መሽናት ነው የሚማረው። ውጭ ሲሸና ግን እዚያው በዚያው አመስግኚው።" የተበላሸውን ቦታ ሽታው እንዳይጠራው በአቼቶ ያጥቡታል። ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ይሸት ጀመር።

ጠብታ ግን ወይ ፍንክች። በካፊያ ውስጥ ግቢው መሐል ያቆሙታል፤ እሱ ወፍ ያያል፤ ቅጠል ያሳድዳል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ጫማ ላይ ይቀመጣል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ሲያስገቡት፣ ደፉን እንዳለፈ የረሳው ነገር ትዝ ያለው ይመስል ቆም ይልና ጣውላው ላይ ይለቀዋል። ውጭ የሚወጣው አየር ለመቀበል፣ ቤት የሚገባው ለሽንት መስሎታል። ሲጨርስም ጭራውን እየቆላ ምስጋናውን ይጠብቃል።

ሌሎች ፍቅረኞች በካፌና በመናፈሻ ሲገናኙ፣ የእነዚህ ፍቅር የጎለመሰው ውሻ እስኪሸና በመጠበቅ ነው። አንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ዓይናቸውን ቡችላው ላይ ይተክላሉ፤ ምክንያቱም መስኮቱ ውስጥ ዳኛው አሉ። አንዳንዴ እሷ ቀና ስትል እሱ እያያት ታገኘዋለች። ያኔ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ቡችላው ያቀረቅራሉ፤ ቡችላውም ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን ያያቸዋል።

አንድ ቀን ዝናቡ ጠንከር ብሎ ሳለ ድንገት፣ "ሥራ መጥቶልኛል" አላት። "ሩቅ ነው። ትልቅ ሆቴል እየተሠራ ነው፤ የውሃውን መስመር ሁሉ እንድዘረጋ ፈልገውኛል።"

"መቼ?"

"ክረምቱ ሲወጣ።"

የጃንጥላው እጀታ ላይ እጆቻቸው ተጠጋግተው ነበር። የእሷ እጅ አልተንቀሳቀሰም። "ምን አልካቸው?"

"ለራሴ አልሄድም ብያለሁ። ለእነሱ ገና አልነገርኳቸውም።" ጃንጥላውን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ፣ "ጋሼ እሺ ካሉኝ የትም አልሄድም። እምቢ ካሉኝ ግን ይኼን መንገድ በየቀኑ እያየሁ እዚህ መቀመጥ አልችልም ዶክተር" አለ።

አባቷን እሺ በሉ ማለት አትችልም፤ እሱን አትሂድ ማለትም አትችልም። ሁለት ጎልማሶች ዕጣቸውን በአንዲት ፍጡር ፊኛ ላይ ጥለው ዝናብ ውስጥ ቆመዋል። ወደ ቡችላው ጎንበስ አለችና፣ "ሽና እንጂ" አለችው፤ "እባክህ ሽና።" ጠብታ አፍንጫዋን ላሳት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር ተለወጠ። ጠብታ ግቢው ጥግ ያለችውን የሮማን ዛፍ ወደዳት። ያወጡታል፣ ይሸናል፣ ያመሰግኑታል። ቤቱ ደረቀ። ዳኛውም ቡችላው እግራቸው ሥር ሲተኛ ደህናዋን እግራቸውን ፈቀቅ አድርገው ቦታ ሲለቁለት ልጃቸው አይታለች።

ደመናው ተገፎ ፀሐይ በጸናች ሰሞን ዳኛው ታላቅ እህታቸውን አስጠሩ። እኚህ ሴት እትዬ ነው የሚባሉት፤ ምላሳቸው ሳይሳል የሚቆርጥ፣ ቤተሰቡ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል ካልተናገሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። ወንድማቸው ከታመመ ጀምሮ ቤቱን አከራይቶ እሳቸው ዘንድ እንዲገባ ይጎተጉታሉ። "አንድ ቀን ራስህን መቆጣጠር ያቅትህና የጎረቤት መሳቂያ ትሆናለህ፤ ያን ቀን አትጠብቅ" ይሉታል። ዳኛው ከሞት ይልቅ የሚፈሩት ይህን ቀን ነበር። ያን ዕለት ግን የጠሩት ስለዚህ አልነበረም። "ፍርድ እሰጣለሁና ምስክር ትሆኚኛለሽ" ብለዋቸዋል። ልጅቷ ይህን በስልክ ሲናገሩ ሰምታ ሌሊቱን በደስታም በፍርሃትም ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። አሁንም በንጹህ ካልሲ ነው። እሱን ከአባቷ ጋር ሳሎን ትታ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ገባች። ጠብታም ተከትሏት ገባና ትንሽ አሽትቶ ሲያበቃ የጓሮው በር ሥር ሄዶ ቆመ። ዞሮ አያት። ከዚያ መዳፉን አንስቶ በሩን ቧጠጠ።

እስከ ዛሬ ሲያወጡት እንጂ ራሱ አውጡኝ ብሎ አያውቅም። በሩን ከፈተችለት። ሮማኗ ሥር ሄዶ ጉዳዩን ፈጸመና እየሮጠ ተመለሰ። እሷ አፏን በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቀረች። ሰው ቢያያት ልጇ ዲግሪ ተቀብሎ የወጣላት እናት ትመስል ነበር። ቡችላውን አነሳችና ምሥራቹን ልትናገር ወደ ሳሎን በረረች።

ሳሎኑ ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛው ከአባቷ ወንበር ሥር ተንበርክኮ፣ ባልዲ አስጠግቶ ወለሉን በጨርቅ ይጠርጋል። እትዬ ደግሞ ገና መግባታቸው ነው፤ ቦርሳቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ።

ሰውየው ቀና ሳይል፣ "ጠብታ ነው እትዬ" አለ። "አሁን፣ ሳላየው።"

"ጠብታ?" አለች ልጅቷ። "እሱ እኮ—"

ቧንቧ ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ብቻ እንዳትጨርሺው ይል ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ሄዷል ማለት ነው፤ ልቡ ወደዚያ ሥራ ሄዷል፤ ምክንያት ሲፈልግ ቆይቶ ምስኪኑን ውሻ ምክንያት አደረገው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበች። ከዚያ ዓይኗ የአባቷ ጉልበት ላይ አረፈ። ሁልጊዜ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተጣጥፎ የሚቀመጠው ብርድ ልብስ ጭናቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሸፍኗል። ደህናው እጃቸው ጨርቁን ጨምድዶ ይዟል። የአንደኛው እግራቸው ነጠላ ጫማ ርሷል።

የአባቷን ዓይን ፈለገች፤ አባቷ ግን ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

እውነቱን ከተናገረች አባቷን በእህታቸው ፊት ታጋልጣለች። ዝም ካለች የገዛ ሕይወቷን ትዘጋለች። ቡችላው እቅፏ ውስጥ ሞቆት አዛጋ።

"ምስክር ብለህ ጠርተኸኛል" አሉ እትዬ ለወንድማቸው። "ያየሁትን አይቻለሁ። ቃልህ ቃል ነው አይደል?"

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደጋግመው ጠረጉ። ኋላ፣ ለሰው ሳይሆን ለወለሉ በሚመስል ድምፅ፣ "ቃሌ ቃል ነው" አሉ።

"ልክ ነው ጋሼ" አለ ሰውየው። ጨርቁን ባልዲው ላይ ጨመቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ አደረቀና ቡችላውን ሊቀበላት ቀረበ። ጣቶቹ ጣቶቿን ሲነኩ በረዶ ነበሩ።

ውጭ ድረስ ተከተለችው። የግቢው በር ጋ ስትደርስበት እጅጌውን ያዘች።

"ለምን?" አለችው።

"ምን እንድል ነበር?"

"ሌላ ነገር። ውሃ አፈሰስኩ ብትልስ? ሻይ ደፋሁ ብትልስ?"

"አልመጣልኝም" አለ። "እትዬ በሩን ሲከፍቱ እጄ ብርድ ልብሱን አለበሳቸው፤ አፌ የጠብታን ስም ጠራ። ማሰቢያ ጊዜ አላገኘሁም። ቢኖረኝም እንጃ።"

"ክረምቱን ሙሉ የለፋነው—"

"አውቃለሁ።" ፊቱን አዞረ። "እኔ ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ ዶክተር። ውሃ ካልታሰበ ቦታ ሲወጣ ሰው ላይ አልፈርድም። እሳቸው ሲያዩኝ አይተሽ ቢሆን ኖሮ... ያ ትልቅ ሰው፣ እንደ ልጅ ነበር ያየኝ።"

"እኔስ?" አለች። ሌላ ልትል የፈለገችው ብዙ ነበር። ከሁሉም ያቺ ቃል ብቻ ወጣች።

ጉንጯን በእጁ ጀርባ ነካ አደረጋት። ዓይኑ ሞልቷል፤ ግን አላስፈሰሰውም። "አንቺ ወደ አባትሽ ግቢ" አላት። "ልብሳቸው እርጥብ ነው።"

ከዚያን ጊዜ የበለጠ ወድዳው አታውቅም። የበለጠ አቅም አጥታም አታውቅም።

እትዬን ሻዩን ይዩልኝ ብላ ወደ ወጥ ቤት ሸኘቻቸውና አባቷን ደግፋ መኝታ ቤት አስገባቻቸው። ሱሪያቸውን ስታወልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በለብ ውሃ እግራቸውን አጠበች። ስንት ወንጀለኛ ያንቀጠቀጠ ሰው እግሩ እንዲህ ቀጭን ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

"ቀጮ" አሉ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ።

"አቤት አባዬ።"

"ውሻው አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"ከሰውነቴ መውጣቱን እንኳ አልሰማሁትም። የሰማሁት ልጁ ሲንበረከክ ነው።" ትንፋሽ አጠራቸው። "ለራሱ የሚጠቅመውን አጥቶት አይደለም። በእጁ የነበረውን ጣለልኝ። እኔም ዝም ብዬ ፈረድኩበት።"

"ይተዉት አባዬ። ሆድ ይፍጀው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እውነቱን እንዲናገር ሳስምል ኖሬ፣ ሆድ ይፍጀው አልልም" አሉ። "ጥሪያት።"

እትዬ የሻይ ትሪ ይዘው ገቡ። ዳኛው በደህናው እጃቸው አልጋውን ተደግፈው ቀና ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እንደተጋደሙ ተናገሩ። "እትዬ፣ ወለሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጁ እኔን ሸፍኖ ነው የተፈረደበት። አሁን የፈለግሽውን በዪኝ።"

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ያ የሚፈራው ምላስ እስኪመጣ ጠበቀች።

እትዬ ትሪውን አስቀመጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ከወንበሩ ላይ ደረቅ ካልሲ አንስተው የወንድማቸውን እግር ጭናቸው ላይ አኖሩ። ቀስ አድርገው አለበሱት። "ልጅ ሆነህም ካልሲ ማልበስ የእኔ ሥራ ነበር" አሉ፤ ከዚያ ሌላ አልተናገሩም። ዳኛው አንድ ዓይናቸው ብቻ አለቀሰ፤ ስትሮኩ የያዘው ወገን ማልቀስም ተስኖታል።

"ደውይለት" አሉ ለልጃቸው። "እንደገና ይጠይቀኝ በይው። መልሴ ሌላ ነው።"

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። የሚከራይበት ቤት ሄደች። አከራዩ፣ ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል፤ ጠዋት ከሥራ ጓዶቹ ጋር ከተቋራጩ ግቢ ይነሳል አሏት።

ሲነጋ የሆቴሉን ሥራ የያዘው ተቋራጭ ግቢ ደረሰች። የጭነት መኪናው ሞተር ተነስቷል፤ የላስቲክ ቧንቧዎች እንደ እንጨት ተከምረውበታል። ሠራተኞቹ ላዩ ላይ ሰፍረዋል። እሱ ዳር ላይ ነበር፤ የጠብታ ጭንቅላት ከጃኬቱ ውስጥ ብቅ ብሏል።

ሲያያት ዘሎ ወረደ። አባቷ ያደረጉትን፣ እትዬ ያሉትን፣ አንዱን ከአንዱ እያምታታች ነገረችው። በመጨረሻ፣ "እንደገና ይጠይቀኝ፤ መልሴ ሌላ ነው ብለዋል" አለችው።

እጁ የቡችላውን ጆሮ ሲያሻሽ ቆየ። "በእትዬ ፊት ተናገሩት?"

"በእትዬ ፊት።"

"ይኼን አልፈለግሁም ነበር" አለ። ይኼኔ ነው ትናንት ሲገታው የነበረው እንባ የወረደው።

"ና እንሂድ" ልትል አፏን ከፈተች። ከመኪናው ላይ ግን ፎርማኑ ስሙን እየጠራ ነበር።

"ትናንት ማታ ቃል ሰጠኋቸው" አላት። "የእኔን ቃል ይዘው ነው ሌላውን ሰው ያሰናበቱት። አሁን ብቀር ሥራው ይቆማል፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ይመለሳሉ።" የመኪናውን ጎን በመዳፉ ያዘው። "እስከሚቀጥለው ክረምት ነው። ከዚያ መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ።"

እስከሚቀጥለው ክረምት። አባቷ የሚቀጥለውን ክረምት ያዩት እንደሆነ ማን ያውቃል? ይኼን እሱም አሰበው፤ ሁለቱም አሰቡት፤ ሁለቱም አልተናገሩትም። አትሂድ ብላ ብትለምነው እንደሚቀር አወቀች። ቢቀር ደግሞ ትናንት የወደደችው ሰው እንደማይሆን አወቀች።

ቡችላውን አወጣና ሰጣት። "እዚያ ለውሻ የሚሆን ቦታ የለም" አለ። "ጋሼን ያስቸግራቸው።" ከዚያ ግንባሯን ሳማትና መኪናው ላይ ወጣ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ጠብታ ማልቀስ ጀመረ። በክንዷ ላይ ወጣ፣ ትከሻዋን ቧጠጠ፣ አቧራው ወደሚሄድበት አንገቱን አስግጎ ጮኸ። ቡችላ ነው፤ የሄደ ሰው ሁሉ የቀረ ይመስለዋል። ይመጣል ልትለው ጆሮው ድረስ አፏን አቀረበች። ቃሉ ግን እምቢ አላት። መንገዱ ባዶ እስኪሆን፣ ቡችላውም ጩኸቱ ደክሞት ትከሻዋ ላይ እስኪተኛ፣ ያንኑ ያልወጣላትን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ቆመች።